ጎህ ሲቀድ የሚመጣው ተወካይ

ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእናቴ ልጅ፣ ለእህት ዓለሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትንሿ ሳል ለቀቃት ወይ? የሐርቡ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ለአላህ ምስጋና ይግባውና በአካል ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽና ከጨጓራዬ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስትቆጥሪ ስቀልድብሽ የነበርሁት ሰውዬ፣ ዛሬ ቁጣሽን በገዛ እጅ ጽሕፈትሽ አነበብሁት። ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛ፣ ለዒድ እንኳ ሳልመጣ የቀረሁት የሸንጎ ወንበር አኩርቶኝ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ የሰውን ሁሉ ልጅና ባል ሳጠያይቅ ስለ ልጆችሽ አባት ምነው ዝም እንዳልሁ። ሁለቱንም እመልስልሻለሁ። የኔነሽ ቅቤዋን ደሴ ሰኞ ገበያ ሸጣ ዛሬ ወደ ሐርቡ ስለምትመለስ ደብዳቤውን በእጅሽ ትሰጥሻለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። እስከ መጨረሻው ሳትደርሺም ድምፅሽን እንዳታሰሚ፤ አደራ።

ስለ ወንበሩ ልንገርሽ። ለጉባኤ ስንጠራ አዲስ አበባ ሄጄ በብሔራዊ ሸንጎው አዳራሽ እቀመጣለሁ። ወንበሩ እውነትም ይመቻል። ረቂቅ ይነበባል፣ የሚደግፍ ሲባል እጃችንን እናወጣለን፣ የሚቃወም ሲባል ሁላችንም ጣሪያውን እናያለን። እጄ የመንግሥት ነው፤ አፌ ግን የራሴ ነው እያልሁ እጽናና ነበር። የቀረውን ጊዜ እዚሁ ነኝ። ረቡዕ ረቡዕ በቀበሌው አዳራሽ ተቀምጬ አቤቱታ እሰማለሁ፦ መሬቱ ያለ አግባብ የተወሰደበት፣ የጡረታ ደብተሩ የጠፋበት፣ በመንደር ምሥረታው ቆርቆሮ ሳይደርሰው የቀረ። ሰኞ ሰኞ ያን ሁሉ ወረቀት በቦርሳ ይዤ ደሴ እወጣና ከቢሮ ቢሮ ስዞር እውላለሁ። ከዐሥሩ አንዱ ከተሳካልኝ ያን ሳምንት ደስ ብሎኝ ይከርማል። ከአስተማሪነቴ የሚለየው ተማሪዎቹ ሽበት ማውጣታቸው ብቻ ነው።

ሰው የሚያውቀኝ ግን በዚህ አይደለም። ባለፈው ጥር ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ስለ ስኳር ራሽን ተነገረ፣ ስለ መዋጮ ተነገረ፤ ቀጥሎ ካድሬው አንድ ወረቀት አወጣና ለእናት አገር የተሰዉ ጀግኖች ብሎ ሦስት ስም አነበበ። ወዲያው ጭብጨባ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። መዲና የምትባል ሽንኩርት ቸርቻሪ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ከሰው ጋር አጨበጨበች። የልጇ ስም መሆኑ የገባት እያጨበጨበች ሳለ ነው። እጇን አየር ላይ እንዳለ ትታ ዞር ብላ አየችኝ። ተወካይዋ ነኝና።

በማግስቱ ደሴ ወጥቼ፣ እንዲህ ያለውን ወረቀት ለኔ ስጡኝ፣ ሰው በአገሩ ወግ ይረዳ ብዬ ለመንሁ። ሸክም የቀለለላቸው መሰላቸውና ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ስም ሲመጣ ሼኽ ጀማሉዲንና መሪጌታ ስማቸው የሚባሉ ሽማግሌዎችን አስከትዬ፣ የቅርብ ዘመድና ጎረቤት አስቀድመን አስጠርተን፣ ጎህ ሲቀድ እንደ አባቶቻችን ሥርዓት መርዶ እነግራለሁ። ሟቹ እስላም ከሆነ ሼኹ ይጀምራሉ፣ ክርስቲያን ከሆነ መሪጌታው፤ ወረቀቱን የማነበው ግን ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ሳላጣራ ከሰው ደጅ ቆሜ አላውቅም። ወረቀቱ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ መልሼዋለሁ፤ ሆስፒታል የተኙ ልጆች ነበሩ፤ አንደኛው ዛሬ ባቲ ሚስት አግብቶ ይኖራል። ስለዚህ ሰው፣ እሱ ከተናገረው አለቀ፣ ይላል።

ግን እቴ፣ ይህ ነገር ወዳጅ አሳጣኝ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ሴቶቹ በር ይዘጋሉ። ሰላም የሚለኝ ሰው ዓይኑ ከኋላዬ ሽማግሌ ይፈልጋል። አንድ ሰኞ ደሴ ገበያ ውስጥ በርበሬ ልገዛ ወደ አንዷ ጠጋ ብል፣ ለካ የኮምቦልቻ ሰው ኖራለች፣ ሁለት ልጅ የዘመተባት፤ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ በርበሬዋን እንደተሰጣ ትታው ሮጠች። ሰው እንዳይወስድባት ብዬ ቆሜ ጠበቅሁላት። ገበያው እስኪበተን አልተመለሰችም። እኔ እዚያ ቆሜ ሳለሁ እንዴት ብላ ትመለስ? ለጎረቤቷ አደራ ሰጥቼ ሄድሁ።

አሁን ዳቦ እንኳ የምገዛው ከዐሥር ሰዓት በኋላ ነው፣ ደርቆ። የረቡዕ አቤቱታ ሰሚነቴም ቀዝቅዟል፤ ብዙዎቹ ማመልከቻቸውን በሰው እጅ ይልካሉ። አግባ እያልሽ ትጨቀጭቂኛለሽ፤ መርዶ ነጋሪን ለአማችነት የሚመኝ ማን ነው? ሚስቴን የቀበርሁ ጊዜ ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ያኔ ቤቴ ሰው ሞልቶበት ነበር። ለዒድ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ ብታዪኝ ልብሽ ቀጥ ይል ነበር። ፍርሃት እንጂ ኩራት አይደለም፤ ይቅር በይኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልግባ። ትንፋሽሽን ሰብስቢ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሞላልኝ የሚባለው የደሴው ጸሐፊ አዲስ ዝርዝር ሰጠኝ። ከሐርቡ አንድ ስም አለበት። መጋቢት 10 ቀን ተሰዋ ይላል፤ ማኅተምም አለው። እንዲህ ያለውን በደብዳቤ መጻፍ በወጋችን ነውር መሆኑን አንቺ አትነግሪኝም። የጻፍሁት ምክንያት ስላለኝ ነውና ንባብሽን አታቋርጪ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ፣ በሺር የሚባል ከግንባር የተመለሰ ወታደር ወደ አዳራሹ መጣ። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ የጡረታ ነገር ሊጠይቅ ነው የመጣው። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ በሩን በክራንቹ ገፍቶ ዘጋና ወግ ጀመረልኝ። መጋቢት ላይ ጦሩ ሲበተን ከአንድ ሰው ጋር ሆኖ ጫካ ለጫካ ሲንከራተት ከርሟል። በሚያዝያ ረመዳን የገባው አብረው ሳሉ ነው። በኋላ በሺር ቁስሉ ሲጠናበት ወደ ጦሩ ተመለሰ፤ ያ ሰው ግን ፊቱን ወደ ፀሐይ መግቢያ፣ ወደ ድንበሩ አዞረ። ስሙን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። አንድ ነገር ብቻ አጫወተኝ። ሰውዬው ለሶላት ሲታጠብ፣ ዉዱእ ሲያደርግ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ በጥርሱ ይነክሳል፣ ሰው ቢያናግረው እንኳ አያወጣውም፣ በአፍንጫው እያጉረመረመ ነው የሚመልሰው፣ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ ላንቺ አላስረዳም፤ ያን ሰዓት በጥርሱ ሲነክስ ከኔ ይልቅ አንቺ አይተሽዋል።

ታዲያ ወረቀቱን እንደ ሁለቱ ለምን አልመለስኸውም ትዪኝ ይሆናል። ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ አውቶቡሱ ሄጄም ነበር። ግን እህቴ፣ ሆስፒታል ያልተገኘ ሰው ስሙ ከሟቾቹ ዝርዝር ሲወጣ የሚገባበት ሌላ ዝርዝር አለ፤ የከዱት የሚጻፉበት። ከሪማ የምትባል ሴት ባሏ እዚያ ላይ ተጽፎ የራሽን ደብተሯን ተነጥቃ፣ ሁለት ወር ታስራ፣ ልጆቿ በየጎረቤቱ ተበትነው ነበር። ደጅ ጠንቼ ያስፈታኋት እኔ ነኝ። ከወጣች ወዲህ ሰው ስሟን ሲጠራት ትደነግጣለች። አንቺን እንደዚያ ሆነሽ ላይሽ አልችልም። ከአውቶቡሱ ደጃፍ ተመለስሁ።

ሼኽ ጀማሉዲንን በሰው አስመስዬ ጠየቅኋቸው፣ ውሸት የሚፈቀድበት ጊዜ አለ ወይ ብዬ። የተጣላ ለማስታረቅ ይፈቀዳል፣ ነፍስም ለማዳን፣ አሉኝ። የመርዶ ውሸትስ ብዬ ለመጠየቅ ግን አፌ አልታዘዘኝም።

ስለዚህ በመጪው ጁምዓ ጎህ ሲቀድ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ደጅሽ እቆማለሁ። እነሱ ምንም አያውቁም፤ ሼኹ ከልባቸው ዱዓ ያደርጋሉ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ወረቀቱን አነባለሁ። በኔ አፍ ስለተነገረ ሰው ሁሉ ያምናል፣ ቀበሌውም ያምናል። አምስት ወር ሙሉ ሰው የሸሸኝ እውነት ስለምናገር ነበር፤ ያቺ ነበረች ሀብቴ። ጁምዓ እሷን እቀብራለሁ።

አልቅሺ። እንባ እንቢ ካለሽ ለኔ አልቅሺልኝ፤ የሚያለቅስልኝ ሌላ ሰው የለኝም። ፊትሽን ግን እንዳትነጪ። ልጆቹ የእውነታቸውን ያለቅሳሉ፤ ከሁሉ የፈራሁት ያን ማየት ነው። ቢሆንም እንዳትነግሪያቸው፤ ልጅ ኀዘን ይደብቅ ይሆናል እንጂ ደስታ መደበቅ አይችልም። ዒዳሽንም ባሏ እንደሞተባት እንደማንኛዋም ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ተቀመጪ።

ዒዳው ሲያልቅ፣ ገና ወጣት ነሽና፣ ሽማግሌ የሚልክ አይጠፋም። ወንድሜን ጠይቁት በያቸው። እኔም አልፈቅድም። እህቱን መበለት አድርጎ የሚያስቀር ጨካኝ ይበሉኝ፣ አገር ይሙት ይበለኝ። የመጣው ቢመጣ፣ ስንት ዓመት ቢፈጅ፣ ለማንም አልፈቅድም።

አብሽሪ። የእናታችን ዱዓ ይድረስልሽ፣ ልጆችሽን አላህ ያሳድግልሽ፣ መንገደኛን ሁሉ ካለበት ይጠብቅልን። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ ለምድጃው ስጪው።

ጁምዓ ደጅሽ የሚቆመው፣
የእናትሽ ልጅ፣ ወንድምሽ