ስለ ተሰጠኝ ባል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ዶክተር ሞረዳ
የጃለኔ የእናቶችና የሴቶች ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር
ነቀምቴ

ጉዳዩ፦ ሕክምና ጠይቄ ባል ስለማግኘቴ

ክቡር ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለውድ ቤተሰብዎና በተለይም ለፊርማዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ፊርማዎን ለይቼ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእኔ ካርድ ላይ ከሰፈሩት ነገሮች ሁሉ እስካሁን ደህና ሆኖ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሜዳ ሜዳውን እሄዳለሁ፤ ደረጃ ሲገጥመኝ ግን ቁጭ ብዬ ትንፋሼ እስኪመለስ እጠብቃለሁ።

በዛብሽ ሠርፀ እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ ሦስት ነው፣ የምኖረው ባኬ ጃማ ነው። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛና ዣንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ ለፈለገው በኦሮምኛ፣ ለፈለገው በአማርኛ። በነዚህ ዓመታት በሌላ ሰው ስም «እኔ አመልካች» ብዬ የጀመርኩትን ወረቀት ብዛት አላውቀውም። በራሴ ስም ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና፣ አንዳንድ ቦታ ቃሌ ጠንከር ቢል የልምድ ማነስ ነው ብለው እንዲያልፉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አቤቱታዬንም በሥራዬ ልማድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሆስፒታልዎ በእኔ ጉዳይ ስላሳየው መረጋጋት አመሰግናለሁ። የወር አበባዬ ወር ጠብቆ መምጣቱን ከተወ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሲመጣ አሥራ አምስት ቀን ይቆያል፣ ሄደልኝ ስል ይመለሳል፣ የረጋ ደም ይዞ ይወርዳል። ከጥቁር ጉርድ ሌላ መልበስ ትቻለሁ፤ በወንበሬ ላይም ፕላስቲክ አንጥፌ፣ በላዩ ፎጣ ደርቤ ነው የምቀመጠው። የእኔ ዘመዶች ጠበል አሉኝ፣ የባለቤቴ ዘመዶች ጸሎት አሉኝ፤ ሁለቱንም ሳላስቀይም አድርጌአለሁ። መጋቢት ላይ የአንድ አዛውንት የመሬት ክርክር ጽፌ ጨርሼ ወረቀቱን ላቀብላቸው ስነሣ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ አዛውንቱ ጋቢያቸውን ከወገቤ በታች ጠቅልለውልኝ፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ተቀምጠው ነበር። በዚያው ቀን በሆስፒታልዎ ደሜ ሲለካ ስድስት ነጥብ ሁለት ተባልኩ፤ ለጤነኛ ሴት አሥራ ሁለት ይፈለጋል። ሁለት ከረጢት የሰው ደም ሰጣችሁኝ፣ እሱም በሁለት ወር ውስጥ እንደ ራሴ ደም ፈስሶ አለቀ። ባለፈው ሳምንት ስለካ አምስት ነጥብ ስምንት ነበርኩ።

ሁለተኛ፣ ዶክተር ሩትን ስለቀጠሩልን አመሰግናለሁ፤ የምትለውን የሚሰማ ሰው አብሮ ቢቀጠርላት ደግሞ ምስጋናዬ እጥፍ በሆነ ነበር። ይህች የማኅፀን ሐኪም ከፊቴ ተቀምጣ፣ በወረቀት ላይ ማኅፀን ሥላ፣ ያለኝን መንገድ ሁሉ አስረዳችኝ። ክኒኑን ስምንት ወር ውጬ አልሆነም። ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ሁለት ጊዜ ገብቶልኝ ሁለት ጊዜ ከደሙ ጋር ወጣ። ማኅፀኔን ጨርሶ ማውጣት ሆድ መክፈት ነው፣ በዚህ አቅሜ ደግሞ ከጠረጴዛው ላይ መነሣቴን እንደምትጠራጠር አልደበቀችኝም። የቀረው አንድ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ መሣሪያቸውን ይዘው የሚመጡት ሐኪሞች የማኅፀኔን ውስጠኛ ሽፋን በሙቀት ያቃጥሉታል። ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፣ ቢላዋ የለውም። ናሙናዬም ተመርምሮ ካንሰር እንደሌለበት ታውቋል።

ክፉውንም አልሸሸገችኝም። ከዚያ በኋላ ልጅ የለም፤ ድንገት ቢፀነስ እንኳ ለእናቲቱም ለጽንሱም አደጋ ነው፣ ስለዚህ መከላከያው አይቀርም። በአንዳንድ ሴት ላይ ደሙ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። የተቃጠለው ግን ተመልሶ አይበቅልም። ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ አንድ ሳምንት ሰጥታኝ አስቢበት አለችኝ። ክቡር ዶክተር፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በረገጥኩት መሥሪያ ቤት ሁሉ ነገ ነይ ተብያለሁ፤ አስቢበት ያለኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም ነበር።

አሰብኩበት። የማስበው ስለ አንድ ሰው ነበር። ባለቤቴ ፈየራ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከአሥራ አራት ወር በፊት በቆሎ ሊጭን ወደ አንገር ጉቲን ወጣ። ኡኬ ላይ ሆኖ ደወለልኝ፤ ምሳ እንደበላ፣ ከፊት ያለው መንገድ ተከፍቷል እንደተባለ፣ በማግስቱ እንደሚመለስ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ እሱም መኪናውም አልታዩም፤ አየሁት የሚል ሰውም አልተገኘም። ያለችን ልጅ ኬኔ ብቻ ናት። ከእሷ በኋላ ሁለት ጽንስ ወርዶብናል፣ ፈየራም ተስፋ አልቆረጠም ነበር። አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ቢገባ አንተ ሳትኖር አቃጠልኩት ልለው ነው? ይህን እያሰብኩ አለቀስኩ፤ ለማልቀስም አቅም እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ያን ሳምንት ነው። በሰባተኛው ቀን መጸዳጃ ቤት ተቀምጬ ሳለ ኬኔ በሩን አንኳኩታ እማ አለሽ ወይ አለችኝ። አለሁ አልኳት። ጥቂት ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ። ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ይህች ልጅ ለፈተና ማጥናት ትታ የእናቷን ትንፋሽ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ይቃጠል ብዬ የወሰንኩት እዚያው ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ፎርሙ። ሦስት ገጽ ነው፣ በጥሩ ወረቀት የታተመ ነው፣ ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል። በሁለተኛው ገጽ ላይ ታካሚዋ ስለ ሕክምናው በሚገባ መረዳቷን በፊርማዋ ታረጋግጣለች፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ባለቤቷ በሕክምናው መስማማቱን ይፈርማል። እኔ የምስማማበት ቦታ ሦስቱንም ገጽ ፈልጌ አጣሁት። ባለቤቴ ጠፍቷል ብል የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ በሚያስመሰግን ትሕትና እንግዲያው የሞት ማስረጃውን አምጪ አለችኝ። ሞት የለኝም ብላት የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አለችኝ። ሰው ጠፍቷል ተብሎ እንዲወሰን ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት መሙላት እንዳለበት የማውቀው፣ ይህንኑ አቤቱታ ለስንቷ ሴት በእጄ ስለጻፍኩ ነው። አሥር ወር ይቀረኛል። የባል ፊርማ የሚጠይቀው የትኛው ሕግ እንደሆነ ለማወቅም ደፍሬ ነበር፤ አሠራር ነው ተባልኩ።

አራተኛውንና ዋናውን ምስጋናዬን እዚህ ላይ አቀርባለሁ። ጉዳዬ ለክቡርነትዎ ቀርቦ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጻፉልኝ። ደብዳቤው ባለቤት በሌለ ጊዜ «የባለቤቱ የቅርብ ወንድ ዘመድ በባለቤቱ ቦታ ሆኖ» ይፈርማል ይላል። ክቡር ዶክተር፣ የዚሁ አገር ልጅ ነዎት። የባል ወንድም በባል ቦታ ሆነ ማለት በአባቶቻችሁ ዘንድ ምን ማለት እንደነበር ከእኔ ከሰፋሪ ልጅ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ይህ የወንድምን ሚስት የመውረስ ልማድ ሕግ የከለከለው፣ ቤተ ክርስቲያን ያወገዘው፣ በከተማችንም ሰው ለወሬ ብቻ የሚያነሣው ነገር መስሎኝ ነበር። ማኅተምዎ ግን ከተኛበት ቀሰቀሰው።

የካርድ ክፍሉ ደውሎ የጠራው የፈየራን ታላቅ ወንድም ኦቦ ዋቅወያን ነው። ኡኬ ከተማ የሚኖር፣ የተከበረ፣ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት የሆነው ሰው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከደጅ ሳይጣራ ቤቴ ገብቶ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር፣ ኮት ለብሶ መጣ። ሽማግሌዎቹ ስለ ፈየራ ጸለዩ፤ ደግ ሰው ነበር አሉ። በቤታችን አሥራ አራት ወር ሙሉ «ነበር» ያለ ሰው አልነበረም። ኬኔ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ኦቦ ዋቅወያ ደብዳቤዎን ከፕላስቲክ ማኅደር አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋና፣ የኬኔ እናት ብሎ በልጄ ስም እየጠራኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ሃዳ ኬኔ፣ የወንድሜን ቦታ ሆስፒታሉ ለእኔ ሰጥቶኛል። ለደም፣ ለመድኃኒት እፈርማለሁ። ማቃጠሉን ግን አልፈርምም። የወንድሜ ቤት ገና ወንድ ልጅ ይወለድበታል።»

ከማን ብዬ አልጠየቅሁም። ሽማግሌዎቹም አልጠየቁም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲሄድ ኮቱን ፈየራ ኮቱን በሚሰቅልበት ምስማር ላይ ሰቅሎ ትቶት ሄደ፤ ረስቶት መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቶ ለጥንቃቄ ብሎ የግቢውን ቁልፍ ቀየረና አንዱን መክፈቻ ኪሱ ከተተ። ልጄንም አባ ብላ እንድትጠራው አዘዛት። ከዚያም ወደ ሆስፒታልዎ ጎራ ብሎ የናሙናዬን ውጤት፣ የደሜን ልክ፣ ሉፑ መቼ እንደወጣ ሳይቀር ጠይቆ፣ በባልነቱ ሁሉም ተነግሮታል። እንግዶቹ ሐኪሞች ከሚያክሟቸው ሴቶች ዝርዝር ውስጥ ስሜ እንዲወጣ ሲጠይቅም ያለ ማመንታት ተፈጽሞለታል። ዝርዝሩ በኮሪደሩ ተለጥፏል፤ በዶክተር ሩት እጅ ጽሑፍ አራተኛ ነበርኩ። በስሜ ላይ የተሰመረው መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ በማስመሪያ የተሠራ ነው። እኔ ለሕክምና ሦስት ወር ስመላለስ ያጣሁትን ፍጥነት ለእሱ ስላላጎደሉበት ከልብ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፣ ለክቡርነትዎ የማሳውቀው አለኝ። ሐኪሞቹ ሰኔ ዘጠኝ ገብተው ሁለት ቀን ይቆያሉ፤ የሚመለሱት ከስድስት ወር በኋላ ነው። በዚህ አካሄዴ ስድስት ወር ቆይቼ ያገኙኝ እንደሆነ ዶክተር ሩትን ጠይቄአት መስኮት መስኮቱን አየች። እኔም ከዚያ በላይ አልጫንኳትም። ስለዚህ ሰኔ ዘጠኝ ጠዋት እመጣለሁ። ፎርሙን ሞልቼዋለሁ። በባለቤት ስም ቦታ «ፈየራ፣ ያለበት ያልታወቀ» ብዬ እውነቱን ጽፌአለሁ። በሥሩ በራሴ ማስመሪያ አንድ መስመር አስምሬ፣ ተስማምቻለሁ ብዬ፣ ስሜን ጽፌ ፈርሜአለሁ። የኦቦ ዋቅወያን ኮትም አጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ፤ ባልየውን የሰጡኝ እርስዎ ነዎትና ርክክቡም ከእርስዎ ጋር ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። አላክምሽም ካሉኝ ያንኑ በጽሑፍ አድርገው፣ ያችን ክብ ማኅተም አሳርፈውበት ይስጡኝ። ጠረጴዛዬ ከፍርድ ቤቱ በር አርባ እርምጃ ነው፤ አርባ እርምጃ ደግሞ ገና መሄድ እችላለሁ።

በዚህ ደብዳቤ ክቡርነትዎን አድክሜ እንደሆነ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሥራዎ መቃናት፣ ለወንበርዎ መጽናት፣ ለማኅተምዎም ቀለም እንዳይደርቅበት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ብነሣ ደስ ባለኝ ነበር፤ ጎንበስ ስል ግን ስለሚያዞረኝ ቀና ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
በዛብሽ ሠርፀ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ
ለዶክተር ሩት፣ ያሉበት ክፍል ድረስ
ለኦቦ ዋቅወያ፣ ኡኬ
ለባለቤቴ ለፈየራ፣ ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰው የነገውን አያውቅምና፣ እግረ መንገዴን ከሆስፒታልዎ ጀርባ ወዳለው የአስከሬን ክፍል ጎራ ብዬ የመረከቢያ ፎርሙን አንብቤዋለሁ። አንድ ገጽ ብቻ ነው። የባል ፊርማ አይጠይቅም፣ የባል ወንድምም አይጠይቅም። ሴት ልጄ ብቻዋን ፈርማ ልትረከበኝ ትችል እንደሆነ ሠራተኛውን ጠየቅሁት፤ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላት መታወቂያዋ ይበቃል አለኝ። ኬኔ መታወቂያዋን ያወጣችው ባለፈው ማክሰኞ ነው።