ስም የማይጻፍበት ቅጽ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 2፡40
ቅጾቹን አደልሁ። ከበላይ መ/ቤት የመጡ ናቸው፤ «የመሥሪያ ቤትን ድባብ የሚወስኑ ጉዳዮች»። አመራር፣ መተማመን፣ መደማመጥ፣ እውቅና። የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝና ማስረዳቱ የእኔ ነው። ስም አይጻፍም አልሁ። ደግሜ አልሁት። ጸሐፊዋ ዘይነባ፣ «ጋሼ፣ ለዚህ ቅጽ ምን ያደርጋል? የአለቃ መኪና ሲገባ ኮሪደሩን ማየት ነው» አለች። ሳቅን። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከሰዓት
እያነበብሁ ነው። ሁሉም «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»። አዲሱ ሥ/አስኪያጅ ከመጡ ሁለት ወር ሆነ። ሐሜት ይበዛል ብለው ከማንጎው ሥር የነበረውን የሻይ ጠረጴዛ አስነሡ። አሁን ሁሉም ሻዩን ለብቻው ይጠጣል፤ ፊቱ ወደ ግድግዳ። የእኔ ወደ ጣና። ቅጹ ይህን አይጠይቅም።

አንዱ ቅጽ ላይ እጄ ቆመ። «እርስዎ ሲገቡ ዝም የምንለው ስለምናከብርዎ አይደለም። እንፈራዎታለን። የፈራ ሰው ስሕተት ይደብቃል። የምናስቆፍረው የመስኖ ቦይ ልኬት መሳሳቱን ሁላችንም እያወቅን ዝም ያልነው ለዚህ ነው።»

የያረጋል እጅ ነው። የካርታ ክፍሉ ያረጋል። ዘጌ፣ ቤተ ክህነት ያደገ ነውና ወፍራሙን ከቀጭኑ እየለየ፣ ብራና ላይ እንደሚጽፍ ነው የሚጽፈው። ሠርተፍኬት ላይ ስማችንን የሚጽፍልን እሱ ነው። ከአዲሱ አለቃ በቀር እጁን የማያውቅ የለም። እንዴት አላሰበም? ወይስ እኔን አምኖ?

ደብተሬ፣ ላንተ ልናዘዝ። ላስቀረው አሰብሁ። ቅጾቹ ተቆጥረው የመጡ ናቸው፤ ገና ያልገባው የእኔ ብቻ ነው፤ ፈራሁ። ከሌሎቹ ጋር ለሥ/አስኪያጁ አስረከብሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። 4 ሰዓት
ሥ/አስኪያጁ ጠሩኝ። ቅጹ ፊታቸው ነው። አልተቆጡም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ላጣራ አልሁ። የፈሪ ቃል። እስከ ዓርብ ሰጡኝ። ከከተማ ርቆ ያለው መራዊ ጣቢያ ሰው ይፈልጋል አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ።

የያረጋል እናት አልጋ ላይ ናቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ሹም አቦ ሰፈር ቤቱ ሮጦ ሄዶ አጉርሷቸው ይመለሳል። መራዊ ከተመደበ ማን ያጎርሳቸው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
መጠራቴን ሁሉም ሰምቷል። ካርታ ክፍል ስገባ ወሬው ተቋረጠ። እኔ ስገባ። ዘወር ብዬ አየሁ፤ አለቃው ከኋላዬ የሉም።

ዘይነባ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ሊነግሯቸው ነው?» አለችኝ። ሥራሽን ሥሪ አልኋት። ያልሁበት ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም።

ያረጋልን ደረጃው ላይ አገኘሁት። የልጆቼን ደኅንነት ጠየቀኝ። ወርዶ ሄደ። ቢለምነኝ ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት 3፡15
አንድ ባዶ ቅጽ ቀርቷል፤ የእኔ። ሰው አስሞልቼ ራሴ አልሞላሁም። አሁን ሞላሁት። «የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልናገርም። ስም አይጻፍም ብዬ ቃል የሰጠሁ እኔ ነኝ። የጻፈው እውነት ነው። የቦዩን ስሕተት እኔም አውቅ ነበር። እኔም እፈራዎታለሁ።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጻፍሁ፤ ፈረምሁ።

ለዘይነባ ሰጠኋት፣ ታስገባልኝ ብዬ። አነበበችው። ቆማ ነው ያነበበችው። መልሳ ሰጠችኝና፣ «ይኸንንስ ራስዎ ይስጡ ጋሼ። አለቃው ቢሯቸው ብቻቸውን ናቸው» አለችኝ።

ቅጹን ይዤ ተነሣሁ። ወደ አለቃው ቢሮ እየገባሁ ነው።