ያለ ፈቃድ የያዝኩት ዚክር

ውድ ሰይዴ፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህና፣ ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እንደማውቅህ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ መኪናዋ ነው፤ ደህና ናት። የምነዳት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ ዘይነባ! ነፍሴን አልጠላሁም፣ ድራይቭ አላደርግም እያልኩ ስሟገትህ የኖርኩት ሴትዮ ዛሬ በዚህ በሰው አገር በረዶ ከቤታችን ከኮሎምቢያ ሃይትስ ሥራ ቦታችን ፍሪድሊ ደርሼ እመለሳለሁ። ፋብሪካችን ያው ነው፤ ያንኑ የሕክምና ቱቦ እንሠራለን። ልጃችን ሀያት ስምንተኛ ክፍል ገባች። በአማርኛ ስጠራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ በድርቅናዋ ቁርጥ አንተን ናት።

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዚክርህን፣ ያን ጧት ጧት የምትደጋግመውን የአላህ ውዳሴ፣ ይዤዋለሁ። እንዳትስቅብኝ።

ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግደህ ሳሎን ጥግ ስትቀመጥ እኔ ወጥ ቤት ምሳችንን እየቋጠርኩ አጉረመርም ነበር። ሸህህ ወሎ ሳለህ የሰጡህን ሳታዛንፍ፣ መቶውን ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ መቶውን በነቢዩ ላይ ሰለዋት፣ ከዚያ ዱዓውን፣ መቁጠሪያህን እያንከባለልክ ትቀጥላለህ። ሺፍት ሊያልፍብን ነው ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ! በዚያ ክፉ ክረምት መኪናዋ አልነሳ ስትልህ እንኳ መሪውን ይዘህ ዚክር ጀመርክ። ጎረቤታችን ሽማግሌው ከመኪናዋ ጋር የምትጣላ መስሎት የባትሪ ኬብል ይዞ እየሮጠ መጣ። የሸህዬ በረካ ኬብል ይዞ መጣ ብለህ ቀኑን ሙሉ ስትኩራራብኝ ዋልክ።

አንድ ጊዜ ለሸሁ መልእክት ልላክና ላንቺም ፈቃድ ላስመጣልሽ ብለኸኝ ነበር። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አሁን ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ሸህ እግር ሥር ተቀምጬ ሙሪድ ልሁን ብዬ ሳቅሁብህ። አልተቆጣህም። ጫማህን አስረህ መኪናዋን ልታሞቅ ወጣህ። ያ አለመቆጣትህ ከሞትክ በኋላ ነው አንጀቴን ያቃጠለው።

ከቀብርህ በኋላ ጧት ጧት ቤቱ ጭር አለብኝ። አንድ ቀን ምሳዬን ስቋጥር አፌ ራሱ ዚክርህን ጀመረ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንዲት ሳትቀር! ለካ ዓሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ሳጉረመርም ጆሮዬ ሥራውን ይሠራ ኖሯል። በማግሥቱ መቁጠሪያህን አንስቼ አንተ ቦታ ተቀመጥኩ። አርባው፣ ሃምሳው ላይ ስደርስ ቃሉ ከምላሴ ወርዶ ደረቴ ውስጥ ገባ። ልብ ሲነቃ ይታወቃል የምትለኝ ይህን ነው መሰለኝ። ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴ ሳይባባ ሥራ ገባሁ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ደስ እያለኝ ከረምኩ። ከዚያ ፍርሃት መጣ። ሸህ ያልፈቀደው ዚክር የሰው ንብረት ነው ስትል ትዝ አለኝ። ሲሰጠኝ እምቢ ብዬ አሁን ልስረቀው? ተውኩት። ብተወው ደግሞ ጧቱ ባዶ ሆነብኝ፤ ሁለተኛ የሞትክብኝ መሰለኝ፣ ሰይዴ።

ምን ላድርግ? ካሴት ገዛሁና የማውቀውን ሁሉ ቀዳሁበት። እምቢ ማለቴንም፣ መሳቄንም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ለሸሁ እንዲያደርስልኝ ደሴ ላለው ወንድምህ ለአህመድ ላክሁለት። ካልፈቀዱልኝ እሳቸው የሰጡህን መቁጠሪያም ልመልስላቸው ቆርጬ ነበር። አራት ወር ጠበቅሁ፤ ባለፈው ሳምንት መልሱ በካሴት መጣ።

ሸህዬ አርጅተዋል፤ በየመሃሉ ያስላቸዋል። መጀመሪያ ሳቁ! ከልባቸው ሳቁብኝ። ከወጥ ቤት ሆኖ ዓሥራ አንድ ዓመት የተማረ ደረሳ ገጥሞኝ አያውቅም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ፈቅጄልሻለሁ፣ በረካውን ያድርግልሽ፣ ያዢው አሉኝ። አልሀምዱሊላህ! እዚያው ወለሉ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

እሳቸው ግን አልጨረሱም። የዚክሩ መዝጊያ ላይ ያለችውን አጭር የዓረብኛ ዱዓ እኔ አልሰጠሁትም፣ እሷ የራሱ የሰይድ ናት አሉ። ትርጉሟንም ነገሩኝ። ጌታዬ ሆይ፣ በር ላይ ቆማ የምትሰማኝን አንተው አስገባት ማለት ናት።

ወይ አንተ ሰው! መስማቴን ታውቅ ነበር? ዓረብኛ አለማወቄን ተማምነህ እዚያው ጆሮዬ ሥር ስትለምንልኝ ኖርክ! እኔ ሞኟ ደግሞ የዚክሩ ክፍል መስሎኝ ሸምድጄ፣ ሸህ ድረስ ቀድቼ ላክሁት። እየሳቅሁ ሳለቅስ ሀያት ከክፍሏ ወጥታ ምን ሆንሽ ብላ በእንግሊዝኛዋ ጠየቀችኝ። አባትሽ ሸወደኝ አልኳት።

ያቺን ዱዓ ብትፈልጊ ተዪያት፣ ብትፈልጊ ያዢያት ብለውኛል። ይዣታለሁ። ሱብሒ በሰገድኩ ቁጥር የሸህዬን ጨርሼ ያንተን አስከትላለሁ፤ ከዚያ ስምህን ጠርቼ ጀነትን እለምንልሃለሁ። በሕይወት እስካለሁ አንዲት ጧት አትታለፍም፤ ሺፍቱ ቢያልፈኝም ይለፈኝ። አንተ ስለ እኔ አታስብ፣ ሰይዴ። ገብቻለሁ።

ባለቤትህ ዘይነባ