የዝግባው ድምፅ

ናዝሬት፣ ሐምሌ 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? አሁን እዚያ አገር ሙቀት ነው ብላለች ከዚያ የመጣችው ጤናዬ፤ እናትሽ ግን ቢሞቅም ሹራቧን እንዳታወልቅ ብለህ ጻፍልኝ ስላለች ከሁሉ በፊት እሱን ጻፍኩ። እኛ በፈጣሪ ቸርነት አለን። እናትሽን ጉልበቷ አልፎ አልፎ ይይዛታል እንጂ ደህና ናት። ክረምቱ ዘንድሮ ናዝሬትን ረስቷታል። ደመናው ይጠቁርና ወደ አርሲ ያልፋል፤ እኛ አቧራችንን ይዘን ቀርተናል። ሬዲዮናችን ደክሞ ድምፁ ስለወረደ እስከ መጨረሻው ነው የምከፍተው፤ የአጥሩ ጎረቤታችን ግን የራሷን ሬዲዮ መክፈት ትታለች፣ ዜናውን ከእኛ ቤት ነው የምትሰማው ይላሉ።

ጤናዬ የላክሽውን ዕቃ ካደረሰችልን ወር አለፈ። ደረሰኝ ሳልልሽ የዘገየሁት ተቀይሜሽ ስለነበር ነው። ሣጥኑን ስከፍት ሹራብ ወይም መነጽር እጠብቅ ነበር፤ በመዳፍ የምትያዝ፣ ሁለት መርፌ ያላት፣ ፊቷ ላይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያለባት ትንሽ መሣሪያ ወጣች። ጤናዬ ቁጭ ብላ ብዙ አስረዳችን። ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ውጭ አገር ስትኖር ከንፈሯን ሳትከፍት ማውራት ለምዳለች መሰለኝ፣ እናትሽ ናት ደግማ የነገረችኝ። መርፌዎቹ እንጨት ላይ ሲሰኩ በውስጡ ከመቶ ስንት እጅ ውሃ እንዳለ ቆጣሪዋ ታሳያለች አለችኝ።

እንግዲህ የእኔን ነገር ታውቂያለሽ። ከጣሊያኑ አናጢ ሥር ገና ጎረምሳ ሳለሁ ጀምሮ እንጨት የምለየው በጣቴ አንጓ ነው። ሲያንኳኩት ደረቁ ጥርት ብሎ ይመልሳል፣ እርጥቡ ድፍን ይላል። ይህንኑ ለልጄ አስተምሬ ልጄ የእንጨት ትምህርት ልትማር ጀርመን ሄደች፤ አሁን ደግሞ በባትሪ ድንጋይ ልታስተምረኝ ነው ብዬ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ከተትኩት።

በዚያው ሰሞን ከጃራ ጋር ተኳርፈን ነበር። ያ በትከሻው ተሸክሞ ሶደሬን ያዞረሽ፣ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ እያለ በኦሮምኛ የሚጠራሽ ጃራ። ዛሬም ሻሸመኔ ያለው መሰንጠቂያ ውስጥ ነው፤ ለአናጢዎች ማኅበራችን ጣውላ ከመኪናው ጋር እየመጣ የሚያስረክበን እሱ ነው። ዘንድሮ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት በርና መስኮት እንድንሠራ ታዘናል፤ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መድረስ አለበት ተብሏል። ጣውላ ሲመጣ አንኳኩቼ ይግባ ወይም ይመለስ የምለው እኔ ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ ግን የጃራ ዝግባ ድምፁ ሁሉ ድፍን ሆነ። አንዱን ጭነት መለስኩት። የሚቀጥለውም ያው ሆነ፣ እሱንም መለስኩት።

በሦስተኛው ጃራ ራሱ ከመኪናው ላይ ዘሎ ወረደና ጣውላውን በጣቱ እየመታ ስማ አለኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ጭቃ የመታ ያህል ነበር። ዓመት ሙሉ ጥላ ሥር ተደርድሮ የደረቀ ነው አለኝ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ከየት መጥቶ ይረጥባል አለ፣ በልጆቹ ማለ። እኔም በሰው ሁሉ ፊት፣ ወይ እንጨት ማወቅ ትተሃል ወይ እያታለልከኝ ነው አልኩት። አንድ ነገር ተናገረ፤ ጢሙ ከንፈሩን ሸፍኖታልና አልያዝኩትም። ጭነቱን እዚያው ግቢያችን ውስጥ አራግፎ፣ ጋቢውን ሰብስቦ መኪናው ላይ ወጣ። እንዲህ ሆነን ተለያየን።

የማኅበራችን ሊቀመንበር አሳምነው ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱንም ከላይ ይጠይቁታል። ሥራው ሲጓተት ስብሰባ ጠራ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስለነበር ነገሩን ያወቅሁት ስንወጣ ነው፤ ቨርኒሽ የምትቀባው መሰለች አጠገቤ ሆና ነገረችኝ። ጃራ ሆን ብሎ እርጥብ እንጨት እያመጣ ሥራ ያስተጓጉላል፣ ይህ አሻጥር ነው፣ ለበላይ አካል እናስታውቅ ተብሏል አለችኝ። ለምስክርነትም የተጠራው የእኔ ስም ነው። ይህ ቃል ከሰው ስም ጎን ሲጻፍ ምን እንደሚያመጣ አንቺም ከመሄድሽ በፊት አይተሻል፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። ጃራን ተቀይሜዋለሁ፣ ግን ሰውዬው አሥር ልጅ አሳዳጊ ነው፤ ሃያ ዓመት ሲያስረክበኝ አንድ የጠመመ ጣውላ ሰጥቶኝ አያውቅም። እናትሽ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና ሣጥንሽን ከአልጋ ሥር ጎትታ ፊቴ አኖረችው።

መጀመሪያ የቤታችንን መቃን ወጋሁበት። ቀጥሎ አልጋችንን፣ ቀጥሎ እናትሽ የምትቀመጥበትን በርጩማ። ቆጣሪዋ ዘጠኝና አሥር እያለች ትቆማለች። ከጓሮ ገና ቅጠሉ ያልረገፈ የባሕር ዛፍ እንጨት አምጥቼ ስወጋው እስከ ዳር ድረስ በረረች። እንግዲህ ቂል አይደለችም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት በኪሴ ይዣት ወደ ሥራ ሄድኩ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ኪሴ ማበጡን አይቶ ያለውን አስወጣኝ፤ መርፌዎቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። መገናኛ ሬዲዮ መስሎታል። እንጨት መለኪያ ናት ብዬ ብነግረው አላመነኝም፤ የጠመንጃህን ሰደፍ ልውጋው አልኩት። ስምንት አለች። ሰደፍህ ከእኔ አልጋ ይልቅ ደርቋል ስለው ሳቀና አስገባኝ።

ያ የጃራ ጭነት ይመለሳል ተብሎ ከግንቡ ሥር እንደተከመረ ነው። አንዱን ጣውላ ወጋሁ፤ አሥራ ሁለት። ሌላውን፤ አሥራ አንድ። ከሥር ስቤ ያወጣሁትም አሥራ ሦስት አልዘለለም። ጣቴን አጥፌ አንኳኳሁ፤ ድፍን። እንደገና ወጋሁ፤ ደረቅ። ይህች የጀርመን ዕቃ የራሷን አገር ጥድ ታውቅ ይሆናል እንጂ የእኛን ዝግባ ከየት ታውቃለች አልኩ። ልቤ እንዲያ እንዲሆን ፈልጎ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ስለዚህ ከጣውላው መሐል ቁራጭ ቆረጥኩና ወርቅ ሠሪው ሐዲስ ዘንድ ሄድኩ። ወርቅ በሚመዝንበት ሚዛን ላይ ዝግባ ሳስቀምጥበት አበድክ እንዴ የሚል መሰለኝ፤ ነገሩን ሳስረዳው ግን ከእኔ በላይ ጓጓ። መዘነልኝ። ቁራጩን ዳቦ ቤት ወስጄ፣ ዳቦው ከወጣ በኋላ ሙቀቱ ገና ባልበረደው ምድጃ ውስጥ አኖርኩት። አውጥቼ አስመዘንኩ፣ መልሼ አስገባሁ፣ እንደገና አስመዘንኩ፣ ክብደቱ አልቀንስም እስኪል ድረስ። ሐዲስ የጠፋውን ውሃ ከደረቀው እንጨት ጋር አስልቶ መልሱን የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጻፈልኝ። ከመቶ አሥራ ሁለት። ልክ መለኪያሽ እንዳለችው።

ወርቅ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ጃራ አልዋሸም። መሣሪያዋም አልዋሸችም። ታዲያ ይህ ዝግባ ለሌላው ሰው ሁሉ እየጮኸ ለእኔ ብቻ ለምን ዝም አለኝ አልኩ። ይህን እያሰብኩ መንገዱን ልሻገር ስል አንድ ጋሪ አጠገቤ ደረሰ። ባለ ጋሪው አፉን ከፍቶ ጅራፉን ወደ ላይ አንስቷል፤ ከፈረሱ አንገት ላይ ቃጭሉ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አየሁት። አየሁት እልሻለሁ፣ አልሰማሁትም። አንድ ሰው ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ጎተተኝ። የቀረውን ልጄ አንቺ ከእኔ በፊት አውቀሽዋል፤ ከሣጥኑ ጋር «አባዬ ማንኳኳቱ እንዳያደክምህ» ብለሽ የጻፍሽልኝ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ቤት ስገባ እናትሽ ፊቴን አየች። እጄን ያዘችኝና አብረን ተቀመጥን።

በጃራ ላይ የተጻፈው ደብዳቤ ለበላይ ሳይሄድ ስብሰባ ይጠራልኝ አልኩና በማግስቱ ተሰበሰብን። ቆሜ ተናገርኩ። እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ጃራ ጥፋት የለበትም፣ የተሳሳተው የእኔ ማንኳኳት ነው አልኩ። መሣሪያዋን አሳየሁ፣ የሐዲስን ሚዛን ነገርኳቸው። አሳምነው ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ኮላው ይበቃናል ብዬ መለስኩለት፤ ስለ ኮላው የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አቀረቀሩ። የሳቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። መሰለች የአናጢ እርሳስ አነሳችና ቁራጭ ጣውላ ላይ ጽፋ አቀበለችኝ። «ለምን ተሳሳትክ ነው የሚልህ» ይላል።

ጽሑፉን አነበብኩት። አሳምነው ከጠረጴዛው ዞሮ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ፤ ትከሻዬን ይዞ ቃሉን እያንዳንዱን ለየብቻ አድርጎ ተናገረ። ተወው፣ መልስ አያስፈልግም፣ ከመኪናው ጋር ሻሸመኔ ሂድና ጃራን አንተው ራስህ አምጣልን አለኝ። ደብዳቤውን ከወረቀቶቹ መሐል መዝዞ ሲቀድደው ሁላችንም አየን። ልጄ፣ ይህን ሰው በልቤ ስንት ጊዜ አምቼዋለሁ።

ከሞጆ አንስቶ መቂን፣ ዝዋይን እስክናልፍ ድረስ ለጃራ የምናገረውን ይቅርታ ስደረድር ሄድኩ። መሰንጠቂያው ግቢ ስገባ ጀርባውን ሰጥቶ ጣውላ ያስቆጥራል። ሲዞር አየኝ። «አካም ጅርታ» ብዬ በቋንቋው ሰላም አልኩት፤ ያዘጋጀሁት ሌላው ሁሉ ከአፌ ጠፋ። መሣሪያዋን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት፣ እንጨትህ ደረቅ ነው፣ እኔ ነኝ አልኩና በጣቴ ጆሮዬን ነካሁ።

እጄን ይዞ ወደ ክምሩ ወሰደኝ። መዳፌን አንድ ረጅም ጣውላ ላይ ዘርግቶ አኖረና እሱ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ በጣቱ አንጓ መታው። እጄን ነዘረኝ። ቀጥሎ በዚያው ሳምንት ወደተሰነጠቀው ወሰደኝ፤ ያኛው መዳፌ ሥር ሙት ነው። ደግሞ ወደ ደረቁ መለሰኝ፣ እንደገና ነዘረኝ። እንደ ጀማሪ ሠራተኛ ከክምር ወደ ክምር ሲያዞረኝ ዋለ፤ እኔ ደረቅ እላለሁ፣ እርጥብ እላለሁ፣ እሱ በመርፌዎቹ እየወጋ ያረጋግጣል። ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀብኝ። ማታ ቤቱ አሳደረኝ። ሚስቱ ገንፎ አቀረበችልን፤ ቅቤውን ወደ እኔ በኩል እየገፋ ነበር የሚበላው። ያን ቀን መኪናው ላይ ስትወጣ ምን አልከኝ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ጣውላው ገብቷል። በሮቹ ተገጣጥመው መሰለች ቨርኒሽ ጀምራለች፤ ለበዓሉ ይደርሳሉ። ይግባ የምለው አሁንም እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ በመርፌ፣ ቀጥሎ በመዳፌ። ሰዎቹ ከኋላዬ መናገር ትተው ፊት ለፊቴ እየመጡ ነው የሚያወሩኝ። አሳምነው ለማኅበሩ አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከየት ይገኛል ብለህ ጠይቅልኝ ብሎኛል። ባትሪ ድንጋይዋ ደግሞ ያራት ማዕዘኑ ዓይነት ነው፣ እዚህ አልተገኘም፤ ሰው ሲመጣ ብትልኪልኝ።

ለእንቁጣጣሽ ቴሌ መጥታችሁ ጠብቁኝ፣ እደውላለሁ ያልሽውን እናትሽ አንብባ ካሁኑ ነጠላዋን አጥባለች። እንመጣለን። ስልኩን የምትይዘው እናትሽ ናት፤ አባዬን አቅርቢልኝ ብለሽ አታስቸግሪያት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ፊቷን አያለሁ። የእናትሽን ፊት ማንበብ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሳቅሽን እዚያ አገኘዋለሁ። አንቺ ብቻ ቶሎ አትዝጊው፣ ረዘም አድርገሽ አውሪያት።

የአባቶቼ አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ። የተማርሽው ይባረክልሽ፣ እጅሽ የነካው ይቅናልሽ። በሰላም ገብተሽ እንድናይሽ ዕድሜ ይስጠን። እናትሽ ሁለቱን ጉንጭሽን ስማሻለች። ጃራም «ኢንተላ ኮ» በልልኝ ብሏል።

አባትሽ