ናቲን ማን ሳመው?

ሰኞ፣ ጥር 4
ሶስናን አስተኛሁ። አራት ዓመቷ ነው፤ ተረት ካሳጠርኩባት ታርመኛለች። በእኔ ወጥታለች። እናቷ፣ ልጄ ሕይወት፣ ከታናሽ ወንድሟ ከናቲ ጋር ሆስፒታል ናት። አባታቸው ለሥራ ጅዳ ነው። ናቲ ገና ሁለት ወሩ። ትናንት ጡት አልይዝ አለ፤ ዛሬ ጠዋት በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ ሥር ይሰረጉዳል። ይዘነው ሮጥን። አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ለእኔ ቢጤ ተራ ጉንፋን፣ ለእሱ ሳንባ ድረስ። በአፍንጫው ኦክስጅን ይሰጡታል፣ ንፍጡን በማሽን ይስቡለታል። አንቲባዮቲክ የለም። ለምን? ሱዳናዊው ዶ/ር ቫይረስ ላይ እንደማይሠራ ነገረኝ። ሁለት ጊዜ፣ ሳይቆጣ። አውቀው ነበር። ዝም ብለው እንዳይቆሙ ፈልጌ ነው።
በሆስፒታሉ ደንብ ሌሊት አብራው የምታድረው አንዲት ሴት ብቻ ናት። አያት፣ ወንድ ከሆነ፣ ደጅ።

ማክሰኞ፣ ጥር 5
ባለቤቴ አስካለ በእኔ ታሳብባለች። መስኮት ከፍቼ ብርድ አስመትቼዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ሕንፃ ውስጥ አየር ሳስገባ የኖርኩ መሐንዲስ፣ እቤቴ በአየር ተከሰስኩ! ብርድ አይደለም፣ ሰው ነው ያመጣበት አልኳት። የትኛው ሰው? አለች።
አራስ ጥየቃ የመጣው ሁሉ ስሞታል። ደወልኩ። መጀመሪያ ለእንድሪስ፣ ባጥሐ ሰፈር ላለው ሾፌር ወዳጄ፤ ባለፈው ሳምንት ካርቶን ብርቱካን ተሸክሞ መጥቶ የናቲን ግንባር የሳመው። ያስልህ ነበር? ስንቴ ሳምከው? ጮኽኩ።
«ፖሊስ ሆንክ እንዴ ኢንጂነር? የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬንም ላሳይህ?»
ዘጋሁበት። ነገ ሌሎቹን።

ረቡዕ፣ ጥር 6
ኦክስጅኑን ጨመሩ። እስከ ማታ ካልተሻለው ጽኑ ሕሙማን ክፍል፤ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ። ሕይወት የደረቱን ቪዲዮ ላከችልን። ደጋግሜ አየሁ። አንተ ስላየኸው አይተነፍስም ብላ አስካለ ስልኩን ነጠቀችኝ። ከዚያ ራሷ አየችው፣ ደጋግማ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መስኮቱን ራሴ ዘጋሁላት።
ለማንም አልደወልኩም።

ሐሙስ፣ ጥር 7
አደረ! ቱቦው ቀረ። ትንፋሹ ትንሽ ሰከን ብሏል። ወተት በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ።
ማስታወሻዬ፣ ሌላ ጉዳይ። ሶስና መሳም ትታለች። መዋለ ሕፃናት በር ላይ ጉንጬን ሰጠኋት፣ አፏን በመዳፏ ከደነች። መምህሯ ደግሞ የክፍሉ ግማሽ ሰሞኑን ሲያስል እንደከረመ ነገረችኝ። ባለፈው ሳምንት የሶስናን ንፍጥ ስጠርግ የከረምኩት እኔ ነኝ። ከናቲ ጉንጭ የማትነቀለው እሷ።
እራት ላይ ጠየቀችኝ።
«አባባ፣ ናቲን የሳመውን ሰው ስታገኘው ምን ታደርገዋለህ?»
«ምንም።»
«ለጋሽ እንድሪስ ግን ጮኸህበታል።»
ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። የፈለግኩት ሰው ፊቴ ተቀምጦ ድንች ይበላል። ይፈራኛል።

ዓርብ፣ ጥር 8
ለእንድሪስ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ወንጀለኛው ተያዘ ወይ ይላል። ሳይያዝ አልቀረም፣ ቁመቱ ከጉልበቴ ብዙም አያልፍም አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሶስናን ማለቴ ገባው።
«እኔ ነኝ በላት፣ ወንድሜ። የእኔ ትከሻ ይችላል።»
ይህን ሰው ነው ስልክ የዘጋሁበት። ግን አልዋሽላትም። እውነቱም እኮ እሷ ናት የሚል አይደለም፤ አይታወቅም። ያን ሳምንት እኔም አፍንጫዬ ታፍኖ ነበር። አቧራ ነው ብዬ ናቲን ስሜዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9
ኦክስጅኑ ተነሣለት! ጡት ይዞ ሳበ፤ ሕይወት አሁን ገና ስልክ ላይ አለቀሰች። ነገ ይወጣል፣ ኢንሻአላህ። (እኔም ማለት ጀመርኩ።) ዶ/ሩ ያዘዘው፦ እጅ በሳሙና፣ ጉንፋን ያለበት እንዳይቀርብ፣ ፊቱ አይሳም።
ሶስናን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። ቫይረሱን ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ አንቺም ልትሆኚ ትችያለሽ፣ እኔም። ወዶ የሳመ ሰው አይቀጣም።
«አንተም ሳምከው?»
«ሳምኩት።»
«የት?»
«አፍንጫው ላይ።»
ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ልክ እኔ ያጠፋ ሠራተኛ እንደማይ።
«ሁለተኛ እንዳይለምድህ።»
እሺ አልኩ። ወሰንን፦ ነገ ሲመጣ ሁለታችንም እንታጠባለን፣ እግሩን እንስማለን። መጀመሪያ እሷ።