የጎማዋ እንሽላሊት

ቅዳሜ፣ ጥር 13 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

…አባባም በልጅነቴ የእንሽላሊቷ ፊልም በሚታይበት አንሶላ አጠገብ ቆመው እንግሊዝኛውን በሀዲይኛ ሲነግሩን፣ «የጠፋ ልጇን ነው የምትፈልገው፤ አትፍሩ» ይሉ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር። ለዚያች ግዙፍ እንሽላሊት አለቀስኩላት።

ዛሬ ያንኑ ፊልም ከተማሪዎቼ ጋር አየሁት፤ የአዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደን። እንሽላሊቷ ጎማ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ስፌቱ ይታያል። «ጋሼ፣ ጫማ አድርጋለች እኮ» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። አሁን እንግሊዝኛውን እሰማለሁ። በፊልሙ ውስጥ ስለ ልጅ የሚናገር ሰው የለም። አባባ ከራሳቸው ነው ያወሩልን።

ያኔ በከተማችን ክሊኒክም አስተርጓሚው እሳቸው ነበሩ። ፈረንጁ ሐኪም እናቴን መርምሮ ብዙ ተናገረ። አባባ «ትድኛለሽ ነው የሚለው» አሏት። ሆዷን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። በሳምንቱ ቀበርናት።

ማታ ቤት ስገባ አባባ ሻይ እየጠጡ ነበር።

«እህ፣ ዛሬም አስፈራችህ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ሐኪሙ ያን ቀን ስለ እማማ ምን ነበር ያለው?»

ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። አላዘንኩም፤ አልተቆጣሁም። መልሱን ብቻ ጠበቅሁ።

አባባ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉት።