ስብከቱ ለማን ነበር

ልጄ መቅዲ፣ የልደታ እመቤት በምትሄጅበት ሁሉ ትቅደምልሽ። የስቶክሆልም ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። የግቢው በር ተቀባ፤ መብራቱ ግን እንደልማዱ ይሄዳል፣ ይመጣል።

አባትሽ ግን አንጀቴን አሳረረው። ከጎረቤታችን ከጋሽ ወርቅአፈራሁ ጋር በአጥር ከተጣላ ወዲህ፣ የጽዋ ማኅበሩ ተራ እሳቸው ቤት ሲደርስ ጉልበቴን አመመኝ እያለ ይቀራል። ሽማግሌ ቢላክበትም እሺ አላለም። በቀደም የልደታ ዕለት መምህሩ ስለ ልበ ደንዳናው ፈርዖን ሲያስተምሩ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና፣ «ሰማሽ? ወርቅአፈራሁን እኮ ነው የሚሉት» አለኝ። ዞር ብል ጋሽ ወርቅአፈራሁም ከወዲያ በኩል አባትሽን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንዲህ ያለውን ዕውርነት የትኛው ጠበል ያድነዋል?

አንቺም ይሄኔ «አይ አባዬ» ብለሽ እየሳቅሽ ነው። ወንድምሽን የአብስራን ግን ከፋሲካ ወዲህ አላናገርሽውም። እሱም ግትር ነው፣ አውቃለሁ። እባክሽ አንቺ ቀድመሽ ደውይለት።

እግዚአብሔር ልብሽን ያለስልስልኝ። ይሄን ምርቃት ደግሞ ለየአብስራ ነው እንዳትይ፤ የላክሁት ለአንቺ ነው።

እናትሽ